አሜን ከልኬቱ በኋላ ነው

ስለ ሥራ ዘመንሽ ጻፊ ስባል መጀመሪያ ሳቅኩ። የምን ዘመን? ባለፈው ዓመት'ኮ ነው ጋውን ለብሼ ፎቶ የተነሳሁት። የዲግሪዬ ወረቀት ራሱ ገና ከሬጅስትራር አልወጣም። ግን ሲስተር ወርቅነሽ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ ለሽኝታቸው ትንሽ መጽሔት ይዘጋጅ፣ አብሯቸው የሠራ ሁሉ ትዝታውን ይጻፍ ተባለ። ሌሎቹ የሚጽፉት ብዙ ዓመት አላቸው። እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎችን ደም ግፊት መለካት ማስተማር። ቀላል ይመስላል አይደል? እኔም ቀላል ይመስለኝ ነበር።

ፊዚዮ ነኝ ስትሉ ሰው ማሸት ይመስለዋል። ባጃጅ ውስጥ እንኳን "እስቲ ወገቤን እይልኝ" የሚል አይጠፋም። እኛ ጋ የሚመጣው ግን ብዙው ስትሮክ የጣለው ሰው ነው። ከማስነሳታችን በፊት፣ አንድ እርምጃ ከማስኬዳችን በፊት ግፊቱን ማወቅ አለብን። በጣም ከፍ ካለ እንቅስቃሴ አንጀምርም፣ ወደ ሐኪም እንመልሳለን። ሲነሳ ዝቅ የሚልበት ከሆነ ደግሞ እጃችን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ሰውየው የሚገባውም የሚመለሰውም በዚያች ቁጥር ነው። ቁጥሯ ከተሳሳተች የተማርነው ሌላው ነገር ሁሉ ምንም አይጠቅመውም።

እንደተመረቅኩ መጀመሪያ የሠራሁት ቦዲቲ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው። ደሞዙን አልናገርም፣ እናቴ ይህን ልታነበው ትችላለች። አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፣ ሰልፍ ግን አይወድም። የገበያ ቀን በሩ ላይ ሰው ሲበዛበት "ትዕግስት! ቶሎ በይ፣ ቶሎ!" ይላል። እኔን ቶሎ በይ ማለት ቁልቁለት ላይ ያለ ባጃጅ መግፋት ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ አውቶማቲክ ነበር፤ ቁልፉን ትጫኛለሽ፣ ቁጥር ይወጣል፣ ትጽፊያለሽ። ሰው ገና ከመንገድ እያለከለከ ሲገባ ክንዱን ይዤ እጫን ነበር። ፍጥነት ችሎታ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሶዶ፣ እዚሁ የተማርኩበት ቦታ፣ ለስኪል ላብ፣ ለተግባር መለማመጃ ክፍሉ፣ ረዳት መምህር ይፈለጋል ሲባል ተወዳድሬ ገባሁ። ትናንት በስሜ የሚጠሩኝ ልጆች "ቲቸር" አሉኝ። የመደቡኝ ደግሞ ከሲስተር ወርቅነሽ ጋር ነው።

ሲስተርን የማያውቅ ካለ፦ አጭር ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ኮሪደር ላይ ሲሄዱ ጫማቸው አይሰማም። ብዙ ዘመን ዋርድ ውስጥ ነርስ ነበሩ። የትም ሲሄዱ አንዲት ዝቅ ያለች የእንጨት ዱካ በክንዳቸው ሥር ይዘው ነው። ለመቀመጫ እንዳይመስላችሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት የማይደርስ ሰው አለ፤ እግሩ ከተንጠለጠለ ግፊቱ ይጨምራል። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ያስገቡለታል። የስቴቶስኮፑን ብረት መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ያሞቁታል፣ "ቀዝቃዛ ነገር ያስደነግጣል" ብለው። ሽንት ቤት መሄድ ይፈልግ እንደሆን ይጠይቃሉ። ክንዱን ትራስ ላይ፣ ልብ ባለበት ከፍታ ያሳርፋሉ። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ በዓይናቸው ብቻ አይመርጡም፣ ክንዱ ላይ አስጠግተው ያዩታል፤ ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ከተጠመጠመ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። መጀመሪያ የደም ሥሩን በጣታቸው እየዳበሱ አየር ይሞላሉ፤ ትርታው የጠፋበትን ያዩና ያስተነፍሱታል። ከዚያ ነው ስቴቶስኮፑን ጆሮ ላይ አድርገው፣ ከዚያች ትንሽ አሳልፈው ሞልተው፣ ቀስ እያሉ የሚለቁት። ሲለቁ ማየት ነው። የመለኪያዋ መርፌ የምትወርደው ድካም እንደያዘው ሰው፣ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠች ነው።

ተማሪ "መቶ ሃያ በሰማንያ" ካላቸው ደግሞ "መርፌዋ ዘመድ ያላት ዜሮ ቤት ብቻ ነው እንዴ? ሌላ ቦታ አታርፍም?" ይሉታል፤ ቁጥርን ወደ ዜሮ ማጠጋጋት አይወዱም።

የመጀመሪያው ሳምንት እኔ ስለካ ቆመው አዩኝ። ጨርቁን ፈትቼ ስጨርስ፦

"ስምሽን ማን ነው ያወጣው?" አሉ።

"አባቴ።"

"ሳያይሽ ነው ያወጣው።"

ልጆቹ ሳቁ። ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘዴያቸውን አንድ በአንድ ያዝኩ፣ ተማሪዎቼንም አስያዝኩ። ያስያዝኩት በጩኸት ነው። "ክንድ! ጀርባ! እግር! አፍ ዝጋ!" እያልኩ። ስኪል ላብ ውስጥ እርስ በርስ ሲለካኩ እኔ ለሁለት ሰው ጆሮ በተሠራው ስቴቶስኮፕ አብሬ አዳምጣለሁ። የነሱ ቁጥርና የኔ ቁጥር ገጠመ። ሁሉም ልጅ ጋ ገጠመ። እንዴት እንደኮራሁ! "እነዚህን ልጆች የትም ውሰዱልኝ" ብዬ አወራሁ። ሲስተር ብቻ ዱካቸውን አንስተው ወጡ።

ወደ ሆስፒታል ይዣቸው ወጣሁ። የሆነው እዚያ ነው።

ቄስ ሀብተማርያም ይባላሉ። ተማሪዎቹ "አባ" ነው የሚሏቸው፣ እኔም እንደዚያው። ቀኝ ጎናቸውን ስትሮክ መትቷቸው፣ ከቦዲቲ ወዲያ ካለ ቀበሌ፣ ልጃቸው አስቴር በሚኒባስ እያመጣቻቸው ነው የሚታከሙት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ቀልደኛ። መጀመሪያ ቀን ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው፦

"ልጄ፣ ተቀምጦ የሚቀድስ ቄስ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ።

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። እንድታቆሚኝ ነው የመጣሁት።"

የመደብኩላቸው ተማሪ ታምራት ነበር። ከክፍሉ ጎበዙ። ጨዋነቱ ግን ያስጨንቃል፤ በዕድሜ ሁለት ዓመት አልበልጠውም፣ አንቱ ነው የሚለኝ። "አንቱ አትበለኝ ብዬሃለሁ!" ስለው "እሺ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ።

ታምራት ለካቸው። በጣም ከፍ ያለ ቁጥር አመጣ። እኔ ሌላ አልጋ ጋ ሌላ ተማሪ ላይ እየጮህኩ ነበር። የታምራት ቁጥር ነው፣ አመንኩት። እንቅስቃሴ የለም ብለን ወደ ሐኪም መለስናቸው፤ ሐኪሙም የኛን ቁጥር ተቀብሎ መድኃኒት ጨመረላቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሰላማዊት የምትባል ተማሪ ለካቻቸው፣ ያው ከፍ ያለ ነው። መለስናቸው፣ አሁንም ተጨመረ። በሦስተኛው ቀጠሮ እንደገና ታምራት ለካ። አሁንም ከፍተኛ።

አስቴር በሩ ላይ ያዘችኝ። ፊቷ ጠቁሯል።

"ቲቸር፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ቀን እንኳን ሳታስነሱት ሦስቴ መመለሳችን ነው። እግሩ እየደረቀ ነው። ቤት ደግሞ ከአልጋ ሲነሳ ይዞርበታል፣ ትናንት ግድግዳው ባይኖር ወድቆ ነበር። ሐኪሙ ዛሬም ካልወረደ ፊዚዮው ይቁም፣ ሌላ መድኃኒት እንጨምራለን ብሎናል።"

"ሲነሱ ይዞርባቸዋል?"

"በጣም እንጂ!"

አባ ከወንበራቸው ሆነው ሰሙን። "ተዪያት አስቴር" አሉ፣ "የማይሆን ከሆነ ቤቴ እተኛለሁ። ልጆቹን አታስቸግሪ።" የመጡ ቀን እንደዚያ የቀለዱት ሰውዬ ናቸው እንዲህ ያሉት። እኔ ደግሞ ሰው እተኛለሁ ሲል መስማት አልወድም።

ግፊታቸው ይህን ያህል ከፍ ያለ ከሆነ፣ በዚህ ሁሉ መድኃኒት ላይ፣ ሲነሱ እንደዚያ የሚዞርባቸው ለምንድነው? ከሁለቱ አንዱ ትክክል አይደለም። ታምራትን ጠራሁት።

"ድጋሚ ለካ። ልክ ቅድም እንዳደረግከው። እኔ እዚህ ነኝ።"

መጋረጃው ጋ ቆሜ አየሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው አየሁ።

ታምራት ቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ መስቀል ተሳለመ። አባ ቀኝ እጃቸው አይሠራም፤ መስቀሉን የያዙት በግራ ነው። የምንለካው ደግሞ በደህናው ክንድ፣ በዚያው በግራው ነው። ታምራት መስቀሉን ከእጃቸው አልተቀበለም። ካፖርታቸውንም አላስወለቀም፣ ከሥሩ ሹራብ አለ፣ ከሹራቡ ሥር ሸሚዝ አለ። ጨርቁን በዚያ ሁሉ ላይ ጠመጠመው፣ ስለማይደርስ በጣቱ እያጠበቀ። አባ መስቀሉን ከፍ አደረጉ። ግራ እጃቸው መስቀል መያዝ አልለመደም፣ እንዳይወድቅባቸው ጭምቅ አድርገው ነው የያዙት፤ ክንዳቸው ሲንቀጠቀጥ ከመጋረጃው ጋ ይታየኛል። መመረቅ ጀመሩ።

"እግዚአብሔር ትምህርትህን ይግለጥልህ።"

"አሜን" አለ ታምራት፣ አየር እየሞላ።

"ወላጆችህን የምታኮራ ያድርግህ።"

"አሜን።"

"ጦሲ አንጆ! እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ክፉ አይይህ..."

መርፌዋ እየወረደች ነው፣ ስቴቶስኮፑ ጆሮው ላይ ነው፣ ታምራት "አሜን፣ አሜን" እያለ ነው። ከዚያ ዞር ብሎ በሙሉ እምነት ቁጥሩን ነገረኝ። ቅድም የነገረኝን ከፍተኛ ቁጥር።

መጮህ ፈልጌ ነበር። አፌን በእጄ ያዝኩት። ታምራትን በጃኬቱ ጎትቼ ኮሪደር አወጣሁት፤ ሰላማዊት ተከተለችን።

"ካፖርቱን ለምን አላስወለቅክም?"

"ቲቸር፣ ቄስ ናቸው'ኮ። ልብስዎን ያውልቁ ልበላቸው?"

"መስቀሉንስ?"

"ከእጃቸው ልንጠቅ እንዴ?"

"አፍ ይዘጋ ብዬ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ አልጮህኩም?"

"ላብ ውስጥ ነዋ! እዚህ ግን ምርቃት ነው። አሜን ካልተባለ ምርቃት ይቀራል'ኮ።"

ወደ ሰላማዊት ዞርኩ። "አንቺስ? አንቺ ጴንጤ ነሽ!"

መሬት መሬት አየች። "እኔም አሜን ብያለሁ። ሽማግሌ መርቆኝ ዝም ልበል? እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።"

ሲስተር ወርቅነሽ የዚያን ዕለት ቢሮ ነበሩ፣ ዕቃቸውን ካርቶን ውስጥ እየከተቱ። ሮጬ ሄድኩ። ሁሉንም አወራሁላቸው፣ እየተንጎራደድኩ። ልጆቹን ከሆስፒታል አወጣቸዋለሁ አልኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፦

"ላብ ውስጥ ማንን ነው የሚለኩት?" አሉ።

"እርስ በርሳቸው።"

"ቲሸርት የለበሰ ጓደኛቸውን። እሱ ይመርቃቸዋል?"

መንጎራደዴን አቆምኩ።

"አየሽ፣ ሽማግሌ አይተው አያውቁም። ያላሳየሻቸውን ከየት ያምጡት? ደግሞ አክብሮታቸውን እንዳትነኪባቸው። እሱን ከነቀልሽ ሰው አይቀርባቸውም። ቦታ ስጪው። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ለምን የምቀመጥ ይመስልሻል?"

ለካ ለዚያ ነው! ሲስተር ታካሚ ሳይገባ ውጭ አብረውት ይቀመጣሉ። በወላይትኛ "ሳሮ?" ብለው ሰላምታ ይጀምሩና ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፣ በእግሬ ወለሉን እየመታሁ ነበር የምጠብቃቸው። ሰላምታው ውጭ ያልቃል፣ ወሬው ያልቃል፣ ምርቃቱም ይደርሳል፤ ሰውየው ውስጥ ሲገባ የሚቀረው ማረፍ ብቻ ነው።

"ዱካዋን ውሰጂ" አሉኝ።

ዱካዋን በክንዴ ሥር ይዤ ተመለስኩ። አባና አስቴር ሊሄዱ ተነስተዋል።

"አባ፣ አንዴ ብቻ" አልኩ። "ዛሬ ካልለካሁዎት አልለቅዎትም።"

አስቴር "ስንቴ ነው የምትለኩት?" አለች።

"ልክ እስኪሆን።"

አግዳሚው ላይ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ታምራትና ሰላማዊትም ተቀመጡ። መስቀል ተሳለምን፣ እኔም። አባ መረቁን፣ ሁላችንም እስኪበቃን አሜን አልን። ሽንት ቤት ደርሰው መጡ። ከዚያ ውስጥ ስንገባ ጭንቅ የሆነብኝን ነገር በግልጽ ነገርኳቸው፤ ሌላ መንገድ አላውቅም።

"አባ፣ እነዚህ ልጆች አክብረውዎት ነው ልብስዎን ያላስወለቁት። በዚያ ምክንያት ያልሆነ ቁጥር እየወጣ ይመስለኛል። ካፖርቱና ሹራቡ ይውለቅ፣ ሸሚዙን በአንድ በኩል እናወጣዋለን። መስቀሉ ይረፍ። ከዚያ እርስዎም እኛም ዝም እንላለን።"

አዩኝ።

"ዝምታ እኔን ታስተምሪኛለሽ?" አሉ፣ ከዚያ ሳቁ። "ልጄ፣ ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ከመጀመሪያው ለምን አልነገራችሁኝም?"

መስቀሉን ራሳቸው ጭናቸው ላይ፣ ነጠላቸው ላይ አሳረፉት። አስቴር ካፖርቱን አወለቀች። ክንዳቸው ወፍራም ነው፤ ሰፊውን ጨርቅ አመጣሁ። ክንዱ ትራስ ላይ፣ ጀርባቸው ወንበሩ ላይ፣ እግራቸው ዱካዋ ላይ። ዝም አልን። ያ ዝምታ በሕይወቴ ረጅሙ ነው፣ እግሬ ወለሉን ሊመታ ሲል በእጄ ያዝኩት። ብረቱን መዳፌ ውስጥ አሞቅኩ። ለሁለት ሰው የተሠራውን ስቴቶስኮፕ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ታምራት ጆሯችን ላይ አደረግን። ሞላሁ። ቀስ ብዬ ለቀቅኩ።

መቶ ሃያ ስድስት በሰባ ስምንት።

ታምራት አየኝ። ትንሽ ቆይተን ደገምነው፣ ያው እዚያው አካባቢ። ከዚያ ሁለታችን ደግፈናቸው አቆምናቸውና ለካን፤ ከመቶ በታች ወረደ። "ዞረብኝ" አሉ፣ ቶሎ አስቀመጥናቸው። ለሌለ ግፊት ነበር መድኃኒት ሲጨመርላቸው የነበረው።

ሐኪሙ ጋ ራሴ ሄድኩ።

"ማን ነው የለካው?" አለ።

"እኔ።"

"የበፊቶቹንስ?"

"ተማሪዎቼ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የኔ ነው። ና እና ራስህ ለካቸው።"

ቅር አላለውም፣ ይመስገን፤ መጥቶ እኔ እንዳደረግኩት አድርጎ ለካ። የተጨመረውን መድኃኒት ቀነሰ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አባን ማስነሳት ጀመርን።

ከዚያ ወዲህ ስኪል ላብ ውስጥ ቲሸርት የለበሰ ጓደኛ መለካት መጀመሪያው ሳምንት ላይ አበቃ። የግቢውን ዘበኛ፣ የተማሪ እናት፣ ከአስተዳደር ጡረታ የወጣ ሽማግሌ፣ ማን ይቀርብኛል፣ ሁሉንም ለመንኩ። ጋቢ ይዘው ይምጡ፣ ስለ ልጆቹ ዘር ማንዘር ይጠይቁ፣ ይመርቁ አልኳቸው። ልጆቹ ሲጨነቁ ማየት ያሳዝናል። ግን አልተውኳቸውም፤ "ውጭ ጨርሱ! እንደገና!" እላለሁ። አሁንም መጮሄን አልተውኩም፣ እሱ ይቀረኛል።

ለተግባር ፈተናው ቀን አባን ጠራኋቸው። እሺ አሉ፤ በከዘራ፣ አስቴር ከጎናቸው ሆና፣ በእግራቸው ከኮሪደሩ ጫፍ ተነስተው ስኪል ላቡ ገቡ። ሲስተር ወርቅነሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ የመጨረሻ ሳምንታቸው ነው። ለአባ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ።

የታምራት ተራ ደረሰ። ውጭ አግዳሚው ላይ ከአባ ጋር ቆየ፤ ተሳለመ፣ ተመረቀ። ውስጥ ገብተው አባ ሲቀመጡ፦

"አባ፣ ካፖርትዎን እንድናወልቅ ይፍቀዱልኝ። አሁን ሁለታችንም ዝም እንላለን" አለ።

ሁሉንም በሥርዓቱ አደረገ። እኔ ለሁለት ሰው በተሠራው ስቴቶስኮፕ አብሬ እየሰማሁ ነው። አየር ሞላ፣ መልቀቅ ጀመረ፣ መርፌዋ መውረድ ስትጀምር አባ አፋቸውን ከፈቱ።

"ጦሲ አንጆ፣ ልጄ። እንዳስነሳችሁኝ እሱ ያንሳችሁ።"

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ታምራትን አየው። ከንፈሩን ነከሰ። ግራ እጁን ቀስ ብሎ አንስቶ፣ "ይቆዩኝ" ለማለት አባ ትከሻ ላይ አሳረፈው። ዓይኑን ከመርፌዋ አላነሳም። አየሩን ለቆ ጨረሰና ጨርቁን ፈታ፣ ስቴቶስኮፑን ከጆሮው አወረደ።

"ስናወራ የተለካ አልቆጥረውም፣ ትንሽ አርፈን እደግመዋለሁ" አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ፣ "አሜን!"

"አሜን!" አለ ክፍሉ በሙሉ። ሲስተርም።

አርፈው ደገመው፣ በዝምታ። ቁጥሩ ከኔ ጋር ገጠመ፣ ዜሮ ቤትም አልነበረም። ከዚያ ቆመው የሚለካውን እንዲለካ አባን "ይነሱ" አላቸው። እጅ ሊሰጣቸው ሲል በከዘራው ገፍተው ራሳቸው ተነሱ። ተለኩ። አልወረደም።

"ይበቃል አባ፣ ይቀመጡ" አልኩ።

"ቆይ እስቲ" አሉ፣ አልተቀመጡም። "ቅዳሴ ከዚህ ይረዝማል።"

"እናውቃለን። ለዚህ ነው ሐሙስም የሚመጡት።"

እንደቆሙ ቀሩ። አስቴር ወንበሩን ከኋላቸው አስጠጋች፣ አላዩትም። ታምራት ማንም ሳያዘው፣ ቆመው ሲቆዩ ይወርድ እንደሆን ሊያይ፣ ጨርቁን መልሶ ጠመጠመ፣ ብረቱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠ፣ እስኪሞቅ ጠበቀ። ማንም አላወራም።